ሊጡን የደፋው ልጅ

ከድሬዳዋ የደረሰኝ ደብዳቤ ረጅም ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«እትዬ፣ እኔ የሐረር ልጅ ነኝ። አግብቼ ድሬ ከገባሁ 8 ዓመቴ ነው። ሳቢያን ሰፈር ፎቅ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 6 ዓመቷ ነው፣ ዩኬጂ ናት። መሃለኛው 3 ዓመቱ ነው። ትንሿ ገና 4 ወሯ። የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ሥራ ከገባሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ቀን ቀን ልጆቹን አማቴ ይይዙልኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ውሃ የመጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ተነስቼ በርሜሉንና ባልዲዎቹን ሞላሁ። ከዚያ ወዲያ አልተኛሁም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ትልቋን የሚወስዳት ባጃጅ ታች ቆሞ ክላክስ ያደርጋል። የአንድ እግር ጫማዋ ጠፍቷል። ትንሿን ከጡት ሳላቅቃት ትጮሃለች። በዚህ መሃል መሃለኛው የሊጡን ባልዲ ደፋው። ኮሪደሩ ሁሉ ሊጥ ሆነ። በጥፊ መታሁት። አልጋ ሥር ገባና ድምፁ ጠፋ። እኔም ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ እጄን ይዞ ሳመኝና ‹እማዬ፣ ሁለተኛ አልደፋም› አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ባለቤቴ መጥፎ ሰው አይደለም። ግን ከሥራ ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ይቅማል። ቤት የሚገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎ ነው። አማቴ ‹እኔ ስምንት አሳድጌያለሁ፣ እንዲህ ጮኬ አላውቅም› ይሉኛል። ለትንሿ ደግሞ ‹ሙቀቱ ይገድላታል› እያሉ ውሃ ያጠጧታል። አንዳንዴ በሩን ዘግቼ መጥፋት ያምረኛል። አቦ፣ ሌሎች እናቶች እንዴት ነው የሚችሉት? እኔ ምን ጎደለኝ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ልጅሽ እጅሽን የሳመበት ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከዚያው ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነውና።

ጥፊው ልክ አልነበረም። አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ስለዚህ አላባብልሽም። የ3 ዓመት ልጅ ሲመታ ስለ ሊጥ የሚማረው ነገር የለም። ውስጡ የሚቀረው «እማዬ ስትናደድ ታስፈራለች» የሚለው ብቻ ነው። አልጋ ሥር የገባውም ለዚያ ነው። ነገር ግን ማታ ስትመለሺ ወዴት ሄደ? ወደ አንቺ መጣ። የመታውን እጅ ይዞ ሳመ። ልጁ ዛሬም መጠጊያዬ የሚለው አንቺን ነው። ይህን እያሰብሽ ትንሽ ተንፍሺ።

ይቅርታ ለመጠየቅ እሱ ቀደመሽ። አሁን ተራው ያንቺ ነው። ሳምንት ቢያልፈውም አይመሽም፣ እሱም አልረሳውም። ዝቅ ብለሽ ከፊቱ ቁጭ በዪና እንዲህ በዪው፦ «ያን ቀን መታሁህ። መምታት አልነበረብኝም። ይቅርታ። ሊጥ አይደፋም፣ እኔም ሁለተኛ አልመታህም።» እዚያው ላይ አቁሚ። «አንተም እኮ አስቸገርከኝ» የሚል ቅጥያ አትጨምሪበት፤ ይቅርታውን ያበላሸዋል። ወላጅ ልጁን ይቅርታ ከጠየቀ ይናቃል የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ በቤቴ ያየሁት ሌላ ነው። ይቅርታ የተጠየቀ ልጅ ሲያጠፋ አይደበቅም፤ መጥቶ ይናገራል።

ዳግመኛ እጅሽ ሊነሳ መቃጣቱ አይቀርም፣ ሰው ነሽ። ደሙ ወደ ጭንቅላትሽ ሲወጣ ከተሰማሽ ትንሿን ፍራሽ ላይ መሬት አስተኚያት፤ ከዚያ አትወድቅም። አንቺ በረንዳ ውጪ። ፊትሽን በውሃ ንከሪው። ሃያ ድረስ ቁጠሪ። ትጩህ፣ ያልቅስ፣ ባጃጁም ይጠብቅ። በሃያ ቁጥር ውስጥ የሚሞት ልጅ የለም። በተናደደ እጅ ግን ብዙ ነገር ይሆናል።

አሁን ወደ ሊጡ እንምጣ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። የልጅ ሥራ ከልጅ አቅም አያልፍም ለማለት ነው። ይህ ለመታገስም ይሠራል። ራስን የሚገዛው የፊተኛው የአእምሮ ክፍል በስሎ የሚያልቀው ሰው ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ነው። የ3 ዓመት ልጅ «አትንካ» የሚለውን ይሰማል፣ ይገባዋልም። እጁን ማቆም ነው የሚያቅተው።

ደግሞ የደፋበትን ሰዓት ልብ በዪ። አንቺ ትንሿን እያጠባሽ ነበር። ከአራት ወር በፊት ያ ጭን የሱ ነበር። ትንሿ መጣችና ጭኑን ወሰደች። ሦስት ወር ሙሉ ግን ቢያንስ ቤት ውስጥ ነበርሽ፣ እያየሽ ትውያለሽ። አሁን ሦስት ሳምንት ሆነ፣ ጠዋት ትወጫለሽ። ልጁ በአጭር ጊዜ ሁለት ጊዜ ተቀምቷል። ሊጡን ሲደፋ ግን ትንሿን ትተሽ ወደ እሱ ዞርሽ። የፈለገው መዞርሽን ነው፤ በቁጣም ይሁን። ሰሞኑን አልጋ ማርጠብ ከጀመረ፣ ወይም እንደ ሕፃን ማውራት ካመጣ፣ እሱም ከዚሁ ነውና አትቆጪው። ያልፋል።

መድኃኒቱ ብዙ ሰዓት አይጠይቅም። በቀን አሥር ደቂቃ ለሱ ብቻ። ፀሐይ ስትበርድ፣ ከሥራ እንደገባሽ፣ ትንሿን ለአማትሽ ስጪና እጁን ይዘሽ እስከ ሱቅ ውረጂ። ስልክሽ ቤት ይቅር። ያውራ፣ ድንጋይ ይልቀም፣ ፍየል ካየ ቆሞ ይይ። ከመጠን በላይ ትንሽ ነገር ይመስልሻል። ለሦስት ሳምንት ሞክሪውና ጠዋቱ ሲለወጥ ታያለሽ።

እንቅልፍም አለበት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። አንቺ ያደግሽባት ሐረር ከባሕር ጠለል ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። የደንገጎን ተራራ ቁልቁል ስትወርጂ የምትገቢባት ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ሙቀቷም ለዚህ ነው። እናትሽ «ልጆቹን አልብሺያቸው» ቢሉሽ የሐረርን ሌሊት አስበው ነው። በግንቦትና በሰኔ ሌሊት በላብ ሲገላበጥ ያደረ ልጅ ጠዋት በሰላም ጫማ አያደርግም። ማታ ለብ ባለ ውሃ አጥቢውና ብዙም ሳታደርቂው በስስ ካናቴራ አስተኚው። ፍራሹን ወለል ላይ አውርጂለት፣ አጎበሩን አትርሺ። ቀን ከተማው ሁሉ በሙቀት ሲተኛ እሱም ይተኛ። አማትሽን «በዚህ ቢያግዙኝ» ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ይህን እንደሚወዱት እገምታለሁ።

ስለ ትንሿ ግን ቶሎ መደረግ ያለበት ነገር አለ። ውሃው ይቁም። አማትሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ የድሬ ሙቀት ሰውን ያስፈራል። ቢሆንም የጡት ወተት ከመቶ 87 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን በዚህ ሙቀት እንኳ ከጡት ሌላ ውሃ አያስፈልገውም። ውሃው ትንሿን ሆዷን ይሞላና ጡት ያስቀንሳል፣ ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣል። ሙቀቱ ሲበረታ ቶሎ ቶሎ አጥቢያት። ውሃውን አንቺ ጠጪ። በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሽንት ከሸናች እየጠገበች ነው፣ አትስጊ።

ሥራ ስትሄጂ ወተትሽን አልበሽ ተይላት። እጅሽን ታጥበሽ፣ በተቀቀለ ክዳን ባለው ዕቃ። የታለበ ወተት 25 ዲግሪ በሚደርስ ክፍል 4 ሰዓት ይቆያል። የድሬ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ከ25 ያልፋል፣ ስለዚህ እንዳለብሽ ወዲያው ፍሪጅ ይግባ፣ በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይችላል። መብራት ስለሚጠፋ እኔ በማግስቱ ቢያልቅ እመርጣለሁ። አማትሽ በትንሽ ሲኒና በማንኪያ ይስጧት። ጡጦ ለማጠብ አስቸጋሪ ነው፣ በሙቀት ደግሞ ቶሎ ይበላሻል።

ከአማትሽ ጋር በዚህ ጉዳይ አትከራከሪ። ስምንት ያሳደጉ ሴት በክርክር አይረቱም፣ ቅርም ይላቸዋል። ትንሿን ለክብደት ጤና ጣቢያ ስትወስጃት ይዘሻቸው ሂጂ። ነርሷን ከፊታቸው ጠይቂያት፦ «በዚህ ሙቀት ውሃ ልስጣት?» መልሱን ከሷ ይስሙት። ሁለት ወር ቆይታ ስድስት ወር ስትሞላ ደግሞ ገንፎዋንና የፈላ የቀዘቀዘ ውሃዋን የሚያስጀምሯት እሳቸው ይሁኑ። «ይህ የእርስዎ ማዕረግ ነው» ብለሽ ቁጠሪላቸው።

«እኔ ስምንት አሳድጌያለሁ» ያሉሽ አንጀትሽን እንዳቃጠለው ይገባኛል። እውነታቸውን ነው። ግን እንዴት እንዳሳደጉ ልንገርሽ፤ እኔም እዚያው ድሬ፣ መጋላ ሰፈር፣ ግቢ ውስጥ ነው ያደግኩት። አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ሰባት ቤት ነበር። እናቴ ገበያ ስትሄድ «ልጆቹን እዩልኝ» ማለት እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። ከፊት ለፊት ያሉት የኦሮሞ እናት በኦሮምኛ ይቆጡናል፣ ከጎን ያሉት ሶማሌዋ በሶማልኛ ይጠሩናል፣ እኛ ለሁለቱም በአማርኛ እንመልሳለን። የራበው የተከፈተ በር አይቶ ይገባል። ትልልቆቹ ሴት ልጆች ጀርባቸው ላይ ሕፃን ሳያዝሉ ሲጫወቱ አላስታውስም። እሱም ለነሱ ከባድ ነበር፣ ዛሬ ነው የገባኝ። እናቴ አለመጮኋ ትዕግሥቷ ብቻ አልነበረም። በየበሩ ሌላ እናት ነበረች።

አንቺ ሌሊት 10 ሰዓት ውሃ የሞላሽው ብቻሽን ነው። ጫማ የፈለግሽው፣ ያጠባሽው፣ ወለሉን የጠረግሽው ብቻሽን ነው። «ምን ጎደለኝ?» ብለሽኛል። ሰው ነው የጎደለሽ። ፎቁ ላይ በሩ ሁሉ ተዘግቷል፣ ከበሩ ጀርባ ግን እንዳንቺ ጫማ የጠፋባት እናት መኖሯ አይቀርም።

ስለዚህ ዕቁብ ጀምሪ። የገንዘብ አላልኩሽም፣ የጊዜ ዕቁብ። ልጅ ያላቸውን ሁለት ጎረቤቶች ለቡና ጥሪያቸው። ሦስት ሆናችሁ በየቅዳሜው ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት አንዳችሁ የሦስቱንም ቤት ልጆች ትይዛለች። ሁለቱ ያርፋሉ። በየሦስት ሳምንቱ አንዴ የመያዝ ተራሽ ይደርሳል። ትንሿ ጡት ስለምትፈልግ ለጊዜው ከአንቺ ጋር ትቆይ፣ ሁለቱ ትልልቆቹ ይሂዱ። የማረፍ ተራሽ በሆነ ቅዳሜ ቤት አታጽጂ። ተኚ። ይህን አጥብቄ ነው የምልሽ፤ አውቃለሁ፣ ልብስ ልታጥቢበት ነው ያሰብሽው።

ወደ ባለቤትሽ ልለፍ። መጥፎ ሰው አይደለም ብለሻል፣ አምንሻለሁ። ሕጉም ቢሆን ሸክሙን አካፍሎ አልሰጠም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ነው የሚለው። ሦስቱ ቀን ካለቀ በኋላ ቤቱ የእናት ነው ብለን ሁላችንም ለመድነው። እሱም የለመደውን ነው የሚያደርገው። ግን አሁን ሁለታችሁም ሠራተኛ ናችሁ፣ ከሥራ የሚወጣው ሰዓትም ልጆቹ ከሁሉ የሚከፉበት ሰዓት ነው። በርጫው በየቀኑ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከሆነ ሦስት ልጅ ባለበት ቤት ይበዛል። ይህን በግልጽ እላለሁ፣ ድሬ ውስጥ ማለት ቢከብድም።

«አግዘኝ» አትበዪው። «አግዘኝ» ካልሽው ሥራው ያንቺ ይሆናል፣ እሱ እንግዳ። ድርሻ ስጪው፣ ስሙ የታወቀ፣ ሰዓቱ የታወቀ። «ጠዋት ትልቋ ያንተ ናት። ቀስቅሰህ፣ አልብሰህ፣ አብልተህ፣ ባጃጁ ላይ የምታሳፍራት አንተ ነህ። ውሃ ሌሊት ስትመጣ አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን እኔ። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ 12 ሰዓት ላይ ቤት ትገባለህ።» ይህን የምትነግሪው በግርግሩ መሃል አይደለም፣ ማታ ሲገባም አይደለም። እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ልጆቹ ሲተኙ። ትልቋን እሱ ሲያለብስ ሸሚዟ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ተገልብጦ ትሂድ። እጁን ከነጠቅሽው ሁለተኛ አይሞክርም።

ጠዋቱን ወደ ማታ አሻግሪው። ጫማዋ፣ ቦርሳዋ፣ የምሳ ዕቃዋ ማታ በር ሥር አንድ ካርቶን ውስጥ ይደር፤ 6 ዓመቷ ነውና ራሷ ትክተተው። መሃለኛው የሚለብሰውን እሱ ይምረጥ፣ ግን ከሁለት ብቻ፦ «ቀዩን ወይስ ሰማያዊውን?» ስታጠቢ አጠገብሽ ያለ ሥራ ስጪው፣ ማንኪያ ይቁጠር፣ ለትንሿ ጨርቅ ያቀብል። ስልክ እያሳየሽው መዋል ቀላል ነው፣ ግን በዚህ ዕድሜ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ አይመከርምና ለከፋ ቀን አስቀምጪው።

ሊጡን ደግሞ ለጊዜው ተዪው። እንጀራ ግዢ። አማትሽ እንደሚያጉረመርሙ አውቃለሁ። ትንሿ አንድ ዓመት ሲሞላት ትመለሺበታለሽ። የምጣዱን ሰዓት እንቅልፍ አድርጊው።

አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም አትለፊው። «በሩን ዘግቼ መጥፋት ያምረኛል» ብለሻል። ብዙ የደከመች እናት እንዲህ ትላለች፣ አንድ ሌሊት ሙሉ ስትተኛ ይቀልላታል። ነገር ግን ትንሿ ተኝታም አንቺ መተኛት ካልቻልሽ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር ደስ ካላለሽ፣ ካለምክንያት ዕንባ ከመጣብሽ፣ ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል። ሕመም ነው፣ ስንፍና አይደለም፣ ይታከማል። ትንሿን ለክብደት ስትወስጂ ለነርሷ የራስሽንም ንገሪያት። ራስሽን ወይም ልጆቹን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ያንኑ ቀን ለባለቤትሽ ንገሪውና ይዞሽ ሆስፒታል ይሂድ።

በመጨረሻ፣ ስለ በርሜሉ። ሌሊት የሞላሻቸው በርሜልና ባልዲዎች ክዳን አላቸው? ሊጥ የሚደፋ ልጅ ውሃም ይከፍታል። ትንሽ ልጅ በባልዲ ወለል ላይ ባለ ጥቂት ውሃ እንኳ ይሰምጣል፣ ሲሰምጥም ድምፅ አያሰማም። ያልተከደነ ውሃ የወባ ትንኝ ያልሆነችውን፣ በቀን የምትነክሰውን ትንኝ ያራባል። በ2011 መጨረሻ ይህችው ትንኝ የምታስተላልፈው የቺኩንጉንያ በሽታ ድሬን ሲያዳርስ ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ እንዴት እንደወደቀ ታስታውሻለሽ፤ ያኔ ድሬ ነበርሽ።

ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ውረጂና ልክ የሆነ ክዳን ግዢ። መሃለኛውን ብቻ ይዘሽ ሂጂ። ክዳኑን እሱ ይሸከመው።